ገንዘቡ በየት በኩል መጣ?

በአሜሪካ ከምትኖሩት መካከል ብዙዎቻችሁ ከደመወዝ ሥራችሁ ጎን ለጎን የራሳችሁን ሥራ እንደምትሠሩ አውቃለሁ። እንጀራ ጋግራችሁ ለሱቅ የምታስረክቡ፣ ፀጉር የምትሠሩ፣ የሠርግ አዳራሽ የምታስጌጡ፣ ቢሮ የምታጸዱ፣ ቪዲዮ የምትቀርጹ አላችሁ። ደንበኛችሁ ሊከፍል ሲል "በምን ልላክልሽ?" ይላል። እናንተም "እንደተመቸህ" ትላላችሁ። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለዚህች አጭር ጥያቄ ነው። መልሷ ስለ ገቢያችሁ ለአይ.አር.ኤስ. የሚጽፈው ማን እንደሆነ ትወስናለችና።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስቀምጥ። ገንዘቡ በቼክም ይምጣ በስልክ፣ የሥራ ገቢ ከሆነ ታክሱ ያው ነው። የሚለያየው ሪፖርት የሚያደርገው አካል ነው። ይህን ሁለቱን የሚያምታቱ ሰዎች ናቸው በኋላ ደብዳቤ ይዘው አካውንታንት ፍለጋ የሚሮጡት።

አንድ ድርጅት ሠራተኛው ላልሆነ ሰው ለአገልግሎት በቼክ፣ በጥሬ ገንዘብ ወይም ከባንክ ወደ ባንክ ሲከፍል፣ ሪፖርት የማድረጉ ግዴታ የከፋዩ ነው። ፎርሙ 1099-ኤን.ኢ.ሲ. ይባላል። እስከ 2025 መጨረሻ ለተከፈለ ገንዘብ መነሻው በዓመት 600 ዶላር ነበር፤ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ለሚከፈለው ግን 2,000 ዶላር ሆኗል። አንዱ ቅጂ ለእናንተ፣ ሌላው ለአይ.አር.ኤስ. እስከ ጃንዋሪ 31 ይላካል። ዜልም የሚቆጠረው ከዚህ ወገን ነው። ዜል ገንዘቡን ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው ያሻግራል እንጂ ይዞ አያቆይም፤ ስለዚህ ለአይ.አር.ኤስ. ፎርም አይልክም። "በዜል ከሆነ ማንም አያየውም" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ዜል አለመጻፉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዜል ስለማይጽፍ ነው ከፋዩ ድርጅት ራሱ መጻፍ ያለበት።

ድርጅቱ በክሬዲት ወይም በዴቢት ካርድ ከከፈለ፣ ወይም እንደ ፔይፓልና ቬንሞ ባሉ መንገዶች ለንግድ ብሎ ከላከ፣ ነገሩ ይገለበጣል። ያን ጊዜ ከፋዩ አይጽፍም። የሚጽፈው ክፍያውን ያስተላለፈው ኩባንያ ሲሆን ፎርሙ 1099-ኬ ነው። በካርድ ለተከፈለ መነሻ የለውም፤ ትንሹም ይቆጠራል። በእነ ፔይፓል መንገድ ግን በዓመት ከ20,000 ዶላር በላይና ከ200 ጊዜ በላይ ሲሆን ነው፤ ሁለቱም መሟላት አለባቸው። "600 ዶላር ነው" ብላችሁ የምታስታውሱም አልተሳሳታችሁም። በ2021 የወጣው ሕግ ወደ 600 አውርዶት ነበር፤ አፈጻጸሙ ከዓመት ወደ ዓመት ሲገፋ ቆየና በጁላይ 2025 የተፈረመው ሕግ ወደ ቀድሞው መለሰው። ይህ ግን የፌዴራሉ ነው። የእኛ ሰው በብዛት በሚኖርባቸው በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ የስቴቱ መነሻ 600 ዶላር ስለሆነ፣ እዚያ ያላችሁ ፎርሙ ቢመጣላችሁ አትደንግጡ።

ችግሩ የሚጀምረው ሁለቱ መንገዶች ሲደባለቁ ነው። እንበል አንዲት እህት ለአንድ ካፌ ዳቦና ኬክ ትሠራለች። ካፌው በዓመቱ ለመጋገር ሥራዋ 4,000 ዶላር በቼክ፣ 2,000 ዶላር ደግሞ በክሬዲት ካርድ ከፈላት። ባለ ካፌው በጃንዋሪ መጻፍ ያለበት 4,000 ብቻ ነው። እሱ ግን ደብተሩን ገልጦ ጠቅላላውን 6,000 ቢጽፍ፣ የካርዱ ኩባንያም 2,000ውን ይጽፋል፤ አይ.አር.ኤስ. ዘንድ 8,000 ሆኖ ይደርሳል። ደብዳቤው የሚመጣው ታዲያ ለካፌው መስሏችኋል? ለእሷ ነው። የቼኩንና የካርዱን ገቢ ለይታ የጻፈችበት ደብተር ካላት ነገሩ በአንድ ገጽ መልስ ያልቃል። ከሌላት ያላገኘችውን 2,000 ዶላር እንዳላገኘች ማስረዳት የእሷ ሥራ ይሆናል።

ደግሞም 1099-ኬ ላይ የሚጻፈው ጠቅላላው ነው። ኩባንያው የቆረጠው ኮሚሽንና ለደንበኛ የመለሳችሁት ገንዘብ አይቀነስም። ባንካችሁ የገባው ከፎርሙ ቢያንስ ተሳስተዋል ማለት አይደለም፤ ልዩነቱን በወጪ መልክ የምታሳዩት እናንተ ናችሁ።

አሁን ወደ እቁባችን ልምጣ። ሃያ ሆናችሁ በወር 500 ዶላር ትጥላላችሁ። ዕጣው ሲደርሳችሁ 19 ሰዎች በቬንሞ ሲልኩላችሁ 9,500 ዶላር ነው። ይህ የራሳችሁ ቁጠባ ስለሆነ ገቢ አይባልም። ነገር ግን ከላኪዎቹ አንዳንዶቹ ሳያስተውሉ "ለዕቃ ወይም ለአገልግሎት" የምትለዋን ምልክት ቢነኩ፣ ወይም የእቁቡ ገንዘብ ፀጉር በምትሠሩበት የንግድ አካውንት ቢገባ፣ ኩባንያው ንግድ ነው ብሎ ይቆጥረዋል። ቨርጂኒያ ከሆናችሁ ሁለት ሰው እንኳ ቢሳሳት ከ600 ያልፋል። የእቁብ ሰብሳቢዎች፣ እባካችሁ ይህን በመጀመሪያው ስብሰባ ተናገሩ። የእቁብና የንግድ አካውንትም ለየብቻ ይሁን።

ቤተ ክርስቲያንም ከፋይ ናት። ለትርፍ ያልቆመች መሆኗ ከዚህ አያወጣትም። በኮንፈረንስ ለመጣ ዘማሪ፣ ለድምፅ ባለሙያ፣ ለጽዳት በቼክ የምትከፍለው መነሻውን ካለፈ 1099-ኤን.ኢ.ሲ. መጻፍ አለባት። ፖስታው ላይ "የፍቅር ስጦታ" ተብሎ መጻፉ ለአገልግሎት የተከፈለውን ስጦታ አያደርገውም። የፋይናንስ ክፍሎቻችን ሰውየው ከሄደ በኋላ ስልኩን ከማፈላለግ፣ ቼኩን ሳይሰጡ በፊት ደብልዩ-9 ቢያስሞሉት ይሻላል። የታክስ ቁጥሩን አልሰጥም ካለ ከፋዩ 24 በመቶ ቆርጦ ለመንግሥት እንዲያስገባ ሕጉ ያዛል። ለልጃችሁ ሠርግ አዳራሽ ያስጌጠችውን እህት የምትከፍሉት እናንተ ቤተሰቡ ከሆናችሁ ግን፣ ንግድ ስላልሆነ ፎርም አይጠበቅባችሁም።

ጥሬ ገንዘብ ሌላም ነገር አለው። ነጋዴ ሆናችሁ በአንድ ሽያጭ ከ10,000 ዶላር በላይ በጥሬ ገንዘብ ከተቀበላችሁ፣ በ15 ቀን ውስጥ ፎርም 8300 ታስገባላችሁ። ለአንድ መኪና በየሳምንቱ ሦስት ሦስት ሺህ ቢመጣም ድምሩ ሲያልፍ ይቆጠራል። ማስገባቱ ወንጀል አይደለም፤ ፎርሙን ለማምለጥ ብሎ መከፋፈል ግን ወንጀል ነው።

በመካከል የሚያልፍም ገንዘብ አለ። በ2026 አንድ ድርጅት 1,500 ዶላር በዜል ቢከፍላችሁ ከማንም ፎርም አይመጣም። ሆኖም ከራሳችሁ ሥራ ወጪ ተቀንሶ 400 ዶላር ከተረፋችሁ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ባልና ሚስት በጋራ ስትፈርሙ ደግሞ ዕዳው የሁለታችሁም ነው። ባሏ የማያውቀው ካሽ አፕ ያላት፣ ሚስቱ የማታውቀው የኡበር ገቢ ያለው፣ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ማታ ስልኮቻችሁን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና አብራችሁ ተመልከቱ።

የተሳሳተ 1099-ኬ ከመጣ፣ በላይኛው ግራ ማዕዘን ላይ ስሙና ስልኩ ለተጻፈው ኩባንያ ደውላችሁ እንዲያርም ጠይቁ። መልስ ቢዘገይም ታክሳችሁን ማስገባቱን አታቁሙ፤ በስህተት የመጣ ገንዘብ የሚጻፍበት ቦታ በስኬጁል 1 አናት ላይ አለ።