የኤል አሊው ብረት፦ ከ15 ቶን 70 ግራም

ስለ ሶማሊያ ሲነሳ ከጦርነት፣ ከድርቅና ከባሕር ወንበዴ ሌላ ወሬ ጆሯችን የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው። ዛሬ ላወጋችሁ ያሰብኩት ግን ስለ አንድ ድንጋይ ነው። ድንጋይ አልኩ እንጂ ብረት ነው፤ ያውም ከሰማይ የወረደ።

የእኛው ዋቢ ሸበሌ ድንበር ተሻግሮ በሚያልፍበት የሂራን ክፍለ ሀገር፣ ኤል አሊ በምትባል ስፍራ አጠገብ የግመል እረኞች ይህን 15 ቶን ያህል የሚመዝን ብረት ከአምስት እስከ ሰባት ትውልድ ሲያውቁት ኖረዋል። «ሺድ ቢሮድ» ይሉታል፤ የብረት ድንጋይ ማለት ነው። ዘፈንና ግጥም አውጥተውለታል፤ ቢላዋም ይስሉበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ኦፓል የሚፈልጉ ሰዎች ዓይናቸው አረፈበት፤ በ2020 መጀመሪያ ላይ ወደ ሞቃዲሾ ተጓዘ። በኋላም ወደ ቻይና ተወስዶ ገዢ እየተፈለገለት መሆኑ በ2022 ተነገረ።

ለሳይንስ የደረሰው ምን ያህል ነው ቢባል፣ 70 ግራም። ይህችን ቁራጭ ካናዳ በሚገኘው በአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ክሪስ ኸርድ ተቀበሉ። ባልደረባቸው አንድሩ ሎኮክ በኤሌክትሮን ጨረር የማዕድንን ቅመም በሚያነብ መሣሪያ ሲመረምሯት ከዚያ በፊት በተፈጥሮ ያልታዩ ሁለት ማዕድናት ብቅ አሉ፤ ይኸውም በኅዳር 2022 (እ.ኤ.አ.) ይፋ ሆነ። ማዕድናቱን ለይቶ ለማወቅ ጊዜ ያልፈጀው አስቀድሞ በላቦራቶሪ ተሠርተው ስለነበር ነው። አንደኛው በስፍራዋ ስም ኤልአሊአይት ተባለ፤ ሁለተኛው በአሜሪካዊቷ ተመራማሪ በሊንዲ ኤልኪንስ-ታንተን ስም ኤልኪንስታንቶናይት።

ስለ ቅመሙ ትንሽ ልበል፤ ሙያዬ ስለሆነ ታገሡኝ። ኤልአሊአይት 9 የብረት፣ 1 የፎስፈረስና 12 የኦክስጅን አቶሞች ጥምር ነው፤ ኤልኪንስታንቶናይት ደግሞ 4 ብረት፣ 2 ፎስፈረስና 9 ኦክስጅን። ብረት ለሚያቀልጥ ሰው ፎስፈረስ ጠላት ነው፤ ብረቱን በብርድ ጊዜ ተሰባሪ ያደርገዋል። ስለዚህ እቶን ውስጥ ኦክስጅን እየነፋንና ኖራ እየጨመርን ከአተላው ጋር እናስወጣዋለን። ከሰማይ በሚወርድ ብረት ውስጥ ግን ፎስፈረሱ አብዛኛውን ጊዜ ከብረትና ከኒኬል ጋር ብቻ ተጣምሮ፣ ኦክስጅን ሳይነካው ነው የሚገኘው። በኤል አሊው ብረት ውስጥ ኦክስጅን ገብቶበታል። የዛሬ አራት ቢሊዮን ተኩል ዓመት ገደማ፣ ያ ብረት በተሠራበት አካል ውስጥ ከኛ እቶን አተላ ጋር የሚመሳሰል ነገር ተካሂዶ ነበር ማለት ነው። እንዴት? በ70 ግራም የሚመለስ ጥያቄ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚቆጨኝ። ስሟ ለማዕድን የተሰጠው ኤልኪንስ-ታንተን የመሩት የ«ሳይኪ» ጉዞ በጥቅምት 2023 (እ.ኤ.አ.) ተነስቷል፤ ብረት ይበዛበታል የሚባለውን ሳይኪን በ2029 ደርሶ ከላዩ እየዞረ ሊያየው። ለዚህ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ተመድቧል። በእጅ የሚዳሰሰው 15 ቶን ግን ለገበያ ወጣ። የአዲስ ማዕድን ዜናም ዋጋውን ሳያስወድደው አይቀርም፤ ሳይንቲስቶቹ ባያስቡትም የሻጩን ሥራ ሠርተውለታል።

«እዚያው ቢቀር ኖሮ ማን ያውቀው ነበር?» የሚሉ አሉ። ናሚቢያ ውስጥ ሆባ የሚባለው፣ 60 ቶን ገደማ የሚመዝነው ብረት እ.ኤ.አ. በ1955 ብሔራዊ ቅርስ ተብሎ እዚያው ባለበት ተቀምጧል፤ ይህም ከመጠናት አላገደውም። የኛዋ ድንቅነሽም በ1974 ከተገኘች በኋላ ለጥናት ወደ ክሊቭላንድ ሄዳ ተመልሳለች። ሶማሊያ መንግሥቷ ደካማ ስለሆነ እንጂ መንገዱ ጠፍቶ አይደለም።

ኒውዮርክ የምትኖሩ ወይም የምታልፉ፣ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ገብታችሁ ሁለት ብረቶች ተመልከቱ። አንዱ 31 ቶን ያህል የሚመዝነው፣ አሳሹ ሮበርት ፒሪ በ1897 ከግሪንላንድ የወሰደው ነው። የአገሩ ሰዎች ከዚያ ብረት ስብርባሪ ቢላዋ ይሠሩ ነበር፤ ልክ እንደ ኤል አሊ እረኞች የኑሯቸው ዕቃ ነበር። ሁለተኛው ከኦሪገን የመጣው ዊላሜት ነው፤ ክብደቱም ከኤል አሊው ጋር የሚቀራረብ። ነባሮቹ ሕንዶች ቅዱስ አድርገው ስለሚያዩት በ2000 ሙዚየሙ ከእነሱ ጋር ተስማምቶ፣ ባለቤትነቱ በእጁ ቢቆይም በየዓመቱ መጥተው ሥርዓታቸውን እንዲፈጽሙ ፈቀደላቸው። ግማሽ መፍትሔ ነው፤ ቢሆንም ከምንም ይሻላል።

አንድ ሜትዮራይት በይፋ እንዲመዘገብ 20 ግራም ያህል ናሙና በታወቀ ተቋም መቀመጥ አለበት። በዚያው ደንብ ላይ ከአገር በሕጋዊ መንገድ መውጣቱን የሚያሳይ ወረቀትና ለአገሩ ዩኒቨርሲቲ የሚቀር አንድ ቁራጭ ቢጨመር ምን ይጎዳል? ስሟን ለማዕድን የሰጠችው ኤል አሊ፣ ቢያንስ ሞቃዲሾ ውስጥ አንድ ተማሪ በአጉሊ መነጽር ሊያየው የሚችል 70 ግራም ይገባታል።