ተገልብጣ የቆመችው እንስሳ



አንድ ምሽት ሽንኩርት እያቁላላሁ ሳለ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጄ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመና፣ «እማዬ፣ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበሩ እንስሳት ድንጋይ ላይ ታትመው ተገኝተዋል አሉን። እውነት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ዞር እንኳ ሳልል፣ ድሮ ተማሪ ሳለሁ ከአንድ ትራክት ላይ ያነበብኩትን መለስኩለት። «በካምብሪያን ዘመን እንስሳት ሁሉ በአንድ ጊዜ ብቅ አሉ፤ ከዚያ በፊት ምንም አልነበረም። ስለዚህ ዝግመተ ለውጥ ውሸት ነው» አልኩት። ልጄ ምንም ሳይናገር ወጣ። ዝምታው እንቅልፍ ነሣኝ፤ ተነሥቼ ማንበብ ጀመርኩ።

እ.ኤ.አ. በ1909 ቻርልስ ዋልኮት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በካናዳ ሮኪ ተራሮች፣ ዛሬ በርጀስ ሼል በሚባለው ስፍራ፣ 508 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ቅሪተ አካላት አገኘ። ብዙውን ጊዜ ድንጋይ የሚያቆይልን አጥንትንና ዛጎልን ነው። እነዚህን የባሕር እንስሳት ግን ደቃቅ ጭቃ በድንገት ስለ ቀበራቸው ለስላሳው አካላቸው ሳይቀር ታትሞ ቀርቷል። ዋልኮት በተከታታይ ዓመታት ከ65,000 በላይ ናሙናዎች ሰበሰበ።

ከእነርሱ አንዷ ሃሉሲጄኒያ ትባላለች። ከጣት የማትበልጥ፣ እሾህ ያላት ትንሽ ፍጥረት ናት። እ.ኤ.አ. በ1977 እንግሊዛዊው ሳይመን ኮንዌይ ሞሪስ እሾሆቿን እግር አድርጎ አቀረባት። እ.ኤ.አ. በ1991 ግን በቻይና የተገኙ ቅሪተ አካላትን ያጠኑ ተመራማሪዎች ተገልብጣ መቆሟን አሳዩ፤ እሾሆቹ ለካ ጀርባዋ ላይ ነበሩ! ራሷ በየትኛው ጫፍ እንደሆነ በግልጽ የታወቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ኮንዌይ ሞሪስ ክርስቲያን መሆኑን በአደባባይ የሚናገር፣ ዝግመተ ለውጥንም የሚቀበል ሳይንቲስት ነው።

ወገኖቼ፣ ተገልብጣ የቆመችው እንስሳይቱ ብቻ አልነበረችም። እኔም ነበርኩ። «ከዚያ በፊት ምንም አልነበረም» ማለቴ ስሕተት ነው። ከካምብሪያን በፊት የኖሩ ለስላሳ አካል ያላቸው ፍጥረታት በአውስትራሊያና በሩሲያ ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ዲኪንሶንያ በተባለች የ558 ሚሊዮን ዓመት ቅሪተ አካል ላይ የኮሌስትሮል ቅሪት ስለ ተገኘ እንስሳ መሆኗ ታወቀ። «በአንድ ጊዜ» ያልኩትም ቢሆን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዓመታት የፈጀ ነው።

በማግስቱ ልጄን አስቀምጬ፣ «ትናንት የነገርኩህ ልክ አልነበረም፤ ይቅር በለኝ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና፣ «ታዲያ እግዚአብሔር አልፈጠረም ማለት ነው?» አለኝ። ለካስ ያስጨነቀው ይህ ኖሯል! «አይደለም ልጄ። እግዚአብሔር ፈጣሪ ነው። እንዴት እንደ ፈጠረ ለማወቅ ድንጋዩን የሚመረምሩ ሰዎች ጠላቶቹ አይደሉም» አልኩት። ከዚያ በኋላ እስከ ቁርስ ሰዓት ሲጠይቀኝ ቆየ።

እናቶች ሆይ፣ በፍጥረት ቀናት ላይ በመካከላችን የተለያየ አሳብ እንዳለ አውቃለሁ። ነገር ግን እምነታችንን ሳይንስ ገና ባልደረሰበት ክፍተት ላይ አንትከል፤ ክፍተቱ ሲሞላ ልጆቻችን እምነቱም አብሮ የፈረሰ ይመስላቸዋል። ለእውነት ብለን የተሳሳተ ነገር አንንገራቸው። ሲጠይቁን ዞር ብለን ዓይናቸውን እንይ፤ የማናውቀውን «አብረን እናንብብ» እንበላቸው።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ!