ፊቱን ተዉት፣ ስህተቱን እዩለት

ከሦስት ዓመት በፊት ለአንድ ድርጅት የሒሳብ ማስጠኛ አፕሊኬሽን ስንሠራ፣ የኔ ድርሻ በስልኩ ካሜራ የተማሪውን ፊት እያየ «ተሰላችቷል»፣ «ግራ ገብቶታል» የሚለውን ክፍል መጻፍ ነበር። ለሙከራ ከመጡት ልጆች አንዱ ክፍልፋይ ሲደምር አንገቱን ደፋ። ሶፍትዌሩ «ተሰላችቷል» ብሎ ወዲያው ጥያቄውን ቀየረበት። ልጁ ግን ከጠረጴዛው ሥር በጣቱ እየቆጠረ ነበር። «ልጨርሰው ነበር እኮ» አለኝ።

ያን ኮድ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ በግልጽ ልናገር፤ የልጆችን ፊት የሚያነብ አስጠኚ ሶፍትዌር አያስፈልገንም።

ሐሳቡ ከክፋት የመጣ አይደለም። ሮዛሊንድ ፒካርድ በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ኮምፒውተር የሰውን ስሜት መረዳት ቢችል ይበልጥ ይጠቅመናል ብላ ተከራክራለች። ስልሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል የሚያስተምር መምህር ሁሉንም ማየት አይችልም፤ «ማሽን ያግዘው» ሲባል ያጓጓል። እኔንም አጓጉቶኝ ነበር።

ችግሩ ፊት ላይ የሚታየውና ውስጥ ያለው አንድ አለመሆኑ ነው። ሊሳ ፌልድማን ባሬትና ባልደረቦቿ የቀደሙ ጥናቶችን መርምረው፣ ከፊት እንቅስቃሴ ብቻ ስሜትን በእርግጠኝነት መለየት እንደማይቻል በ2019 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። እኛ አገርማ ይህን ለማወቅ ጥናትም አያስፈልግ። ታላቅ ፊት ዓይኑን ሰበር የሚያደርግ ልጅ ጨዋ ነው እንጂ የሰለቸው አይደለም። «ገባችሁ?» ሲባል ሳይገባው «አዎ!» ብሎ ያልጮኸስ ከመሀላችን ማነው?

ደግሞስ ግራ መጋባት በሽታ ነው ያለው ማነው? አውቶቲውተር የተባለው አስጠኚ ሶፍትዌር ስሜት እንዲለይ የሠሩት ሲድኒ ዲሜሎና አርተር ግሬሰር ራሳቸው፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ግራ መጋባት በአግባቡ ከተያዘ ለትምህርት ሊጠቅም እንደሚችል አሳይተዋል። ግንባሩን ያኮሳተረ ልጅ እያሰበ ሊሆን ይችላል። ፊቱ እንዲፈታ ብሎ ጥያቄውን የሚያቀልለት ማሽን ሐሳቡን ይነጥቀዋል።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» ትሉኝ ይሆናል። አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛን ደምሮ «ሁለት አምስተኛ» ያለ ልጅ፣ የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች ደምሯል ማለት ነው። የት እንደሳተ መልሱ ራሱ ይናገራል፤ ካሜራ አይፈልግም። ስሜቱን ደግሞ ልጁን መጠየቅ ነው። «ትንሽ ልሞክር» እና «ፍንጭ እፈልጋለሁ» የሚሉ ሁለት ቁልፎች ይበቃሉ።

ያ ክፍል ይውጣ ብዬ ስጠይቅ፣ «ለስፖንሰር የምናሳየው እኮ እሱን ነው» ተባልኩ። ለልጁ ሳይሆን ለስፖንሰሩ ነበር የደከምነው።

የአውሮፓ ኅብረት ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ በትምህርት ቤትና በሥራ ቦታ ስሜት የሚለዩ የኤአይ ሥርዓቶችን፣ ከሕክምናና ከደኅንነት ምክንያት በቀር፣ ከልክሏል። እኛ ኮድ የምንጽፍ ሰዎች ግን የግድ ሕግ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። ካሜራውን እንዝጋው፤ ልጁም ድምሩን ይጨርስ።