ነጋሪቱን ማን ይውረሰው?

የሰልፍ ሙዚቃ ነገር በተነሣ ቍጥር በመካከላችን ሁለት ወገን ይቆማል። አንደኛው ወገን፥ ነጋሪትና እምቢልታ መለከትም የጥንት ቤተ መንግሥት ዕቃ ስለ ሆኑ ቦታቸው ሙዚየም ነው፤ ወጣቱ በነሐስ መሣሪያ የሚነፋውን ማርሽ ቢማር ይበቃዋል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ የአባቶቻችን ሥርዓት የጠፋው ከውጭ በመጣው በዚሁ በነሐስ መሣሪያ ምክንያት ነው፤ ወጣቱም ባሕሉን ንቆአል እያለ ይከሳል። እኛ ከሁለቱም ጋራ አንስማማም። የሁለቱም ክርክር ስለ ዕቃው ነው፤ ዕቃ ግን ራሱን አይመታም፥ ሌላውንም አያስተምርም። መጠየቅ የሚገባው፥ ነጋሪት መምታት የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ዛሬ እጁን የሚያሳየው ለማን ነው? ተብሎ ነው። ይህ ጥያቄ በየስብሰባው ሲነሣ አልሰማንም።

የሁለተኛው ወገን ክስ በአጭሩ የሚመለስ ስለ ሆነ ከእርሱ እንጀምር። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩስያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒቆላዎስ የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎች ለዐፄ ምኒልክ በስጦታ ልከዋል። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጐበኙ፥ ከአርመኖች እልቂት ተርፈው በዚያ የሚያድጉ አርባ ወላጅ አልባ ልጆች ማርሽ ሲነፉ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጡአቸው። የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የደረሱት ዜማም በ1923 ዓ.ም. ከተከበረው የንግሥ በዓል ጀምሮ እስከ አብዮቱ ድረስ የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ኖረ። ከመቶ ዓመት በላይ በመካከላችን የኖረውን፥ አያቶቻችን ቆመው ያዳመጡትን መሣሪያ ዛሬ እንግዳ ብሎ ማባረር የሚቻል አይመስለንም። እንግዳነቱስ ቢሆን ምን በደለ? አቶ ጌታቸው መኩሪያ በ1940ዎቹ ዓ.ም. የጦረኛውን ሽለላ በሳክስፎን ሲነፉ፥ ሳክስፎኑ ሽለላውን ዋጠው ወይስ ሽለላው ሳክስፎኑን? በ2008 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ የሰማቸው ሁሉ መልሱን ያውቃል። ሽለላውን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የሰሙ ሰው ስለ ነበሩ፥ መሣሪያው ቢለወጥም ነገሩ አልጠፋባቸውም።

ወደ አንደኛው ወገን ስንመለስ ነገሩ ይከብዳል። ነጋሪት ሙዚየም ይግባ ማለት ቀላል ነው፤ ምን እንደ ሆነ አውቆ ማለት ግን ሌላ ነው። ነጋሪት የመንግሥት አፍ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በመስከረም ወር 1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጃቸውን ያስነገሩት በነጋሪት ነው። ሹመት ሲሰጥ ነጋሪቱ የማዕረጉ ምልክት ሆኖ አብሮ ይሰጥ ነበር፤ በጉዞም ጊዜ በበቅሎ ላይ ተጭኖ እየተመታ በጌታው ፊት ይሄዳል። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ባለሥልጣኖች አብዛኞቹ ነጋሪት ሲመታ ሰምተው ባያውቁም ስሙን በየዕለቱ ይጠሩታል፤ በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው የሕግ ጋዜጣ ነጋሪት ጋዜጣ ተብሏልና፥ በ1987 ዓ.ም. የተተካውም ይህንኑ ስም ወርሶ ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይባላል። ስሙ በመደርደሪያችን ላይ በወረቀት ታትሞ ሲኖር ድምፁ ከጆሮአችን መጥፋቱ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው።

የእምቢልታው ነገር ከዚህ ይልቅ ያስጨንቃል። እምቢልታ እንደ ዋሽንት የጣት ቀዳዳ የለውም። አንዱ እምቢልታ ብቻውን ከአንድ ወይም ከሁለት ድምፅ በላይ አይሰጥም። ስለዚህ ሦስት ሰዎች፥ ረጅም አጭር የሆኑ ሦስት እምቢልታዎች ይዘው፥ አንዱ ሲተው ሌላው እየተቀበለ ዜማውን በመካከላቸው ይሠሩታል። ዜማው ከሦስቱ በአንዱም ዘንድ ሙሉ ሆኖ አይገኝም። የመሰንቆ አዋቂ ብቻውን ገጠር ውስጥ ቢቀር መሰንቆው ከእርሱ ጋራ ይኖራል፤ ከእምቢልታ ነፊዎች ግን አንዱ የሞተ ቀን፥ ተተኪ ካልተዘጋጀ፥ የቀሩት ሁለቱ የያዙት ድምፅ እንጂ ዜማ አይደለም። በሙዚየም መስተዋት ውስጥ ሦስቱን እምቢልታዎች ደርድሮ ማስቀመጥ ይቻላል፤ በመካከላቸው የነበረውን መቀባበል ግን መስተዋት አይዘውም። እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናንሣ፤ በየበዓሉ መድረክ ላይ ወጣቶች የአገር ልብስ ለብሰው እምቢልታ በእጃቸው ይዘው ሲቆሙ፥ ድምፁም ከቴፕ ሲሰማ አይተናል። ይህ ባሕልን መጠበቅ ከተባለ፥ የአንበሳ ቆዳ የሰቀለ ሁሉ አንበሳ ጠበቀ ሊባል ነው።

ታዲያ ነጋሪትና እምቢልታ በአብዛኛው አገራችን ለምን ደከሙ? ነሐሱ አልገደላቸውም። ወጣቱም አልናቃቸውም፤ ያልሰማውን ነገር እንዴት ይንቃል? ምክንያቱን ለማግኘት ከእነርሱ አጠገብ የኖረውን ሌላውን ከበሮ መመልከት ይበቃል። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ እንደ ነጋሪቱ ጥንታዊ ሆኖ ሳለ ዛሬም በሙሉ ጕልበቱ ይመታል። የአቋቋም ተማሪ ጎንደር በዓታን ወደ መሰሉ ጉባኤ ቤቶች ሄዶ ከመምህሩ እግር ሥር ዓመታት ይቀመጣል፤ ዝማሜውን በመቋሚያ፥ መረግዱን በዝግታ፥ ጽፋቱን በፍጥነት፥ ከበሮውን ከጸናጽሉ ጋራ እያስማማ ይማራል። በበዓል ቀን ሁለቱ ረድፎች ፊት ለፊት ሲቆሙ ሽማግሌው መሪጌታና ገና ጢም ያላወጣው ደቀ መዝሙር በአንድ ምት ይወዛወዛሉ። ዙፋን ወድቆ ዙፋን ሲተካ፥ አብዮትም መጥቶ ሲሄድ፥ ይህ ረድፍ አልተበተነም። ነጋሪቱ ግን ጌታ ነበረው እንጂ ትምህርት ቤት አልነበረውም። መቺው የጌታው ሎሌ ነበር፤ ሙያውን ቢያስተምር ለልጁ ነው፤ ጌታው ሲሻር እርሱም ይሻራል። በ1967 ዓ.ም. የመሳፍንቱ ሥርዓት ሲያከትም ነጋሪቱን ያስመቱ የነበሩ ቤቶች ተዘጉ፤ መቺውን ግን፥ አንተስ የምታውቀውን ለማን ታስተላልፋለህ? ብሎ የጠየቀው አልነበረም። በትግራይ እምቢልታ እስከ ዛሬ በሠርግና በበዓል መነፋቱም ይህንኑ ያስረዳል፤ በዚያ የእምቢልታው ባለቤት ሹም ሳይሆን ሕዝቡ ነውና።

ነገሩ በእኛ ብቻ የደረሰ አለመሆኑን ለማሳየት ሁለት የውጭ አገር ሰልፎችን እናንሣ። በአሜሪካ አገር ድረም ኮርፕስ የሚባሉ የከበሮና የጥሩምባ ሰልፈኛ ጓዶች አሉ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ማኅበሮች በየከተማው ያሳደጉአቸው ናቸው። ጥሩምባቸው በመጀመሪያ እንደ እምቢልታችን ጥቂት ድምፅ ብቻ የሚሰጥ ነበር። ቀስ በቀስ አንድ፥ ሁለት፥ ኋላም ሦስት ፒስተን ተጨመረለት፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 በጥንቱ ቅኝት ብቻ ይሠራ የሚለው ደንብ ተሻረ፤ በ2004 የድምፅ ማጉያ፥ በ2009 የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ተፈቀደ። በእያንዳንዱ ለውጥ ሽማግሌዎቹ፥ ይህ የእኛ ሰልፍ አይደለም ብለው ጮኹ፤ ወጣቶቹም፥ እናንተ በዘመናችሁ ለውጣችሁ የለም ወይ? ብለው መለሱ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ ሁለቱም ግን ዋናውን ነገር ሳቱ። የጓዶቹ ትልቁ ውድድር በ1972 በዊስኮንሲን ግዛት ሲጀመር በአገሩ ብዙ መቶ ጓዶች ነበሩ፤ ዛሬ የቀሩት በዐሥር የሚቈጠሩ ናቸው። ያጠፋቸው ፒስተኑ አይደለም። የሠፈሩ የወታደሮች ማኅበር ገንዘቡም ሰዉም እያነሰው ሄደ፤ ጓዱ በበጋ ወራት አገር ለአገር የሚዞር ሆነ፤ አንድ ወጣት በእርሱ ለመሰለፍ ብዙ ሺህ ዶላር መክፈል አለበት፤ በሃያ ሁለት ዓመቱ ግድምም ዕድሜህ አለፈ ተብሎ ይሰናበታል። የድሀው ጎረቤት ልጅ በሠፈሩ አዳራሽ ከአጎቱ ከበሮ የሚማርበት ቤት ተዘጋ። እነርሱ ግን ስለ ማጉያው ገና ይከራከራሉ።

የስዊስ ከተማ የባዝል ሰዎች ነገር ከዚህ የተለየ ነው። በባዝል ከዐቢይ ጾም መግቢያ በኋላ ባለው ሰኞ፥ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ላይ፥ የከተማው መብራት ሁሉ ይጠፋና ከበሮ መቺዎችና ዋሽንት ነፊዎች በየጎዳናው ይሰለፋሉ። ሰልፉ ሦስት ቀን ይቆያል። ሰልፈኞቹ ክሊክ በሚባሉ ማኅበሮች የተደራጁ ሲሆን፥ ብዙዎቹ ማኅበሮች በውስጣቸው ሦስት ክፍል አላቸው፤ የወጣት ዘብ፥ ዋናው ጓድ፥ የሽማግሌ ዘብ። ሕፃኑ ከበሮ የሚማረው ከዚሁ ከራሱ ማኅበር ነው፤ ሽማግሌውም ጕልበቱ ሲደክም ወደ ዝግተኛው ረድፍ ይዛወራል እንጂ አይሰናበትም። በጣም የወደድነው ግን ሌላ ነገር ነው። ተሸክመውት የሚሄዱት ትልቁ ፋኖስ በየዓመቱ አዲስ ሥዕል ይሣልበታል፤ ሥዕሉም በዓመቱ በደረሰው ነገር፥ በሹማምንቱ ጭምር፥ ያላግጣል። ስለዚህ ምቱን ከአያቶቹ ይቀበላል፥ ቀልዱን ግን ራሱ ይፈጥረዋል። ዩኔስኮ በ2017 ይህን በዓል በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል፤ መዝገቡ ባይኖርም ሰልፉ የሚቀር አልነበረም።

በእኛ ዘንድ ጥፋቱ የወጣቱ ነው የሚሉትን እንግዲህ በግልጽ እንቃወማለን። ወጣቱ ክራርን ሲያገኝ ክራር ይመታል፤ ማሲንቆን ሲያስተምሩት ይማራል፤ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ለዚህ ምስክር ናቸው። ሽማግሌዎቻችንንም ቢሆን ያለ ወቀሳ አናልፋቸውም። ሙያን መሰወር፥ ልጅ ሲጠይቅ፥ ለአንተ አይገባም ብሎ መመለስ፥ የድሮ ጠባያችን ነው፤ ብዙ ነገርም ከባለቤቱ ጋራ ተቀብሯል። ከሁሉ በላይ የሚወቀሰው ግን፥ እኛ በቢሮ የምንቀመጠው ነን ብንል ማንም ሊቈጣ አይገባም። እምቢልታ አዋቂው ሽማግሌ ትምህርት ቤት ገብቶ ያስተምር ቢባል የትምህርት ማስረጃ አምጣ ይባላል። ማስረጃውን ማን ይስጠው? በዚህ ሙያ እርሱን ሊፈትን የሚችል ሰው በአገሩ ካለ፥ ያው ከጎኑ የሚነፋው ጓደኛው ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሙዚየም ይከፈት ብለን አይደለም። ሙዚየሙ አለ፤ በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. በፒያሳ የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያም መልካም ሥራ ነው። የምንጠይቀው፥ የማርሽ ባንድ ያለው ትምህርት ቤትና የጦርና የፖሊስ ባንድ ሁሉ ከነሐሱ አጠገብ ለሦስት እምቢልታና ለአንድ ጥንድ ነጋሪት ቦታ እንዲሰጥ ነው። እያንዳንዱን እምቢልታ ሁለት ሰው ይማረው፤ አንዱ ቢታመም ወይም ቢዛወር ዜማው እንዳይቋረጥ። ነሐሱና እምቢልታው በአንድ ሰልፍ ውስጥ እንዴት እንደሚስማሙ ደግሞ ለወጣቶቹ ይተው፤ ሽለላን በሳክስፎን የነፉት ሰው ፈቃድ አልጠየቁም። የሚያስተምሩት ሽማግሌዎች በመምህር ደመወዝ ይቀጠሩ፤ ማስረጃቸውም ባስተማሩአቸው ልጆች ፊት መንፋታቸው ይሁን። የሚያውቁ አዛውንቶች የት የት እንዳሉ የየወረዳው የባሕል ጽሕፈት ቤት በዚህ ዓመት ስማቸውን ይመዝግብ፤ ምዝገባው ግን ለሪፖርት ተብሎ በመዝገብ ቤት የሚቀር ከሆነ ወረቀቱን ባናባክን ይሻላል። ለሚመጣው የካቲት 23 ቀን የሚሰለፈው ባንድ በፊቱ ሦስት እምቢልታ ነፊዎችን ቢያስቀድም፥ ከሦስቱ አንዱ ሰባ ዓመት ያለፈው፥ አንዱ ጐልማሳ፥ አንዱም ተማሪ ቢሆን፥ ልምምዱን ከአሁኑ ወር መጀመር ያስፈልጋል፤ ሽማግሌውም ከገጠር የሚመጣበት የአውቶቡስ ገንዘብና የሚያርፍበት ቤት ከየትኛው በጀት እንደሚከፈል ከወዲሁ ይወሰን።