«ምን ያስተምራል?» ለምትሉን

ልብወለድ ይዛችሁ ታክሲ ውስጥ ወይም ካፌ ተቀምጣችሁ ከሆነ ጥያቄዋን ታውቋታላችሁ። «ምንድን ነው የምታነበው?» ይላል ሰውየው። ርዕሱን ትነግሩታላችሁ። «አሃ፣ ልብወለድ ነው እንዴ? ምን ያስተምራል?» እኛ ለዚች ጥያቄ መልስ መስጠት ካቆምን ቆይተናል። ኳስ አይቶ ከስታዲየም የወጣን ሰው ምን ተማርክ ብሎ የሚያፋጥጠው የለም። ክትፎ በልቶ የወጣንም እንደዚያው። ልብወለድ ላይ ሲደረስ ግን ሁሉም ሰው የክፍል ኃላፊ ይሆናል።

ነገሩ ከትምህርት ቤት ይጀምራል። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ከአንድ ልብወለድ ላይ ሁለት ገጽ ተቀንጭቦ ይሰጠናል። ጭብጡን ግለጹ፣ መቼቱን ተናገሩ፣ ግጭቱ ከማንና ከማን ነው፣ የደራሲው መልእክት ምንድን ነው? «ያንቀላፋል» ብሎ የመለሰ ተማሪ ዜሮ ይታቀፋል። ከዚያ እናድግና፣ መጽሐፍ ከማንሣታችን በፊት መልእክቱን የምንፈልግ፣ መልእክቱን ካገኘን መጽሐፉ ቢጎትትም ባይጎትትም ደንታ የሌለን ሰዎች እንሆናለን።

ባለፉት ወራት እየተዋዋስን ከየዘርፉ አንብበናል። የስለላ፣ የፍቅር፣ የምስጢር፣ ሳይንስ ነክ፣ ፌስቡክ ላይ የተወለዱ አጫጭሮች፣ በመጨረሻም «ከባድ» የሚባሉት። አንዳንዶቹን ለሦስተኛ ጊዜ ነው። ካነበብን በኋላ የደረስንበት ይህ ነው፦ ልብወለድን «ቁም ነገረኛ» እና «ተራ» ብሎ ለሁለት የሚሰነጥቅ ሰው የአማርኛ ልብወለድ ከየት እንደመጣ ረስቷል። «ተራ» የተባለውን ዘርፍ ተራ አድርጎ ያስቀረውም ይኸው ንቀት ነው።

ከመጀመሪያው እንጀምር። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመውና በኋላ «ጦቢያ» የተባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ የአማርኛ የመጀመሪያው ልብወለድ ነው ይባላል። ምን አለበት? ጦርነት አለ፣ ምርኮ አለ፣ ደግ ነጋዴ አለ፣ ባለውለታውን ፍለጋ ወጥቶ ለባርነት የተሸጠ ወንድም አለ፣ ወንድ መስላ ለብሳ የምትጓዝ መንታ እህት አለች፣ ወንድ ናት ብላ የምትወዳት ልጅ አለች፣ መጨረሻው ሠርግ ነው። ስብከትም አለበት፣ አልካድንም። ግን ገጹን የሚያስገልጠው ስብከቱ ሳይሆን «ትታወቅ ይሆን?» የሚለው ነው። ዛሬ ቢጻፍ «የፊልም ድርሰት» ብለን ባጣጣልነው ነበር።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ም ያው ነው። የ1958ቱ የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በየጥናቱ የባላባቱ ሥርዓት ትችት ተደርጎ ይተነተናል። ትክክል ነው። ግን ወጋየሁ ንጋቱ በ«ከመጻሕፍት ዓለም» ሲተርከው ሬድዮ ከብቦ ያለቀሰው ሕዝብ ስለ መሬት ሥሪት ነው ያለቀሰው? ስለ ሰብለና በዛብህ ነው። ጉዱ ካሣ እንኳ ያንን ሁሉ ፍልስፍና ሊያሰማን የቻለው ልጆቹ ይገናኙ ይሆን ብለን ጆሯችንን ስለከፈትንለት ነው።

አሁን ወደ «ኦሮማይ»። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ስለ በዓሉ ግርማ የሚወራው ሁሉ ስለ ሞቱ ሆኖ መጽሐፉ ተረስቷል። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ወጣ፣ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በ1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን ሁሉም ያውቃል። ስንቱ ነው ግን «ኦሮማይ» ከሁሉ በፊት የተዋጣለት የስለላ ልብወለድ መሆኑን የሚናገረው? ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም የቀይ ኮከብ ዘመቻን ፕሮፓጋንዳ ሊመራ አስመራ ይሄዳል፣ አዲስ አበባ እጮኛውን ትቶ ፊያሜታ ጊላይ ላይ ይወድቃል፣ እኛም ከጎኑ ቁጭ ብለን ማን ለማን እንደሚሠራ መጠርጠር እንጀምራለን። በዓሉ የዘርፉን ደንብ አንድም ሳያጓድል ተጠቅሞበታል። አንባቢው ከጀግናው አንድ እርምጃ ቀድሞ ይሠጋል። ቆንጆዋ ሴት ቆንጆ ብቻ አይደለችም። ስብሰባዎቹ እንኳ ልብ ያንጠለጥላሉ (የካድሬ ስብሰባ ልብ ሲያንጠለጥል አስቡት)። ከዚያ ወደ ናቅፋ ተራሮች ይወስደንና ስለላው በድንገት ጦርነት ይሆናል፣ የወጣቶች ሬሳ ይሆናል። ያ ምዕራፍ የሚያመን ከዚያ በፊት ሁለት መቶ ገጽ ያህል ስለተዝናናን ነው። መልእክቱን በንግግር ቢነግረን ኖሮ መንግሥትም ይህን ያህል ባልደነገጠ።

ከስለላው ጎን ያለው የወንጀል ምርመራ ልብወለድ ግን በአማርኛ ወንበሩ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ድሮ ይልማ ሀብተየስ ነበረ፣ ማሞ ውድነህ በስለላ ትርጉሞቹ ትውልድ አስነብቧል፣ የሼርሎክ ሆምስ ትርጉሞችም አሉ። አዲስ የአማርኛ መርማሪ ፈልገን ስናጣ ተከራከርን። አንደኛዋ ጓደኛችን «ለመርማሪ ልብወለድ፣ የጠየቀ መልስ ያገኛል ብሎ የሚያምን አንባቢ ያስፈልጋል» አለች። ሌላው «ስካንዲኔቪያኖቹ ፖሊሳቸውን እያሙ አይደል እንዴ የሚጽፉት» ብሎ ተቃወማት። እኛ ወደ እሱ እናደላለን። ፋይል የሚጠፋበት፣ ምስክር የሚፈራበት አገር ለመርማሪ ልብወለድ የተመቸ ነው እንጂ የማይሆን አይደለም። የበዓሉ የራሱ መዝገብ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ይህን የሚያክል ጥያቄ ያለበት ከተማ ውስጥ እንዴት አንድ ደህና መርማሪ ገጸ ባሕርይ ይጠፋል?

«ዴርቶጋዳ»ን ያነሣን እንደሆነ ጓደኝነት ይፈርሳል። ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. ያወጣው ይህ መጽሐፍ በተደጋጋሚ ታትሟል። መጽሐፍ ነክቶ የማያውቅ ሰው ሲያነበው ያየነው በዓይናችን ነው። የጣና ገዳማትን፣ አሜሪካ ያለ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስትንና የስለላ ድርጅቶችን አንድ ላይ መስፋት ድፍረት ነው። ለድፍረቱ ቆብ እናነሣለን። «የሕፃን ጨዋታ ነው» ብለው ያፌዙ ምሁራን ግን አንባቢው ለምን እንደተሻማበት አንድም ቀን አልጠየቁም። እኛ ጠይቀን መልሱ ቀለለን፦ ስለ ነገ የሚያወራ አማርኛ ርቦን ነበር። ቅሬታችን ሌላ ነው። ሰዎቹ አይነጋገሩም፣ ንግግር ያደርጋሉ። ምስጢሩ በታሰበው ሰዓት በታሰበው ሰው እጅ ይገባል። ከሁሉ የከፋው፣ መጽሐፉ ያሞግሰናል። ጠቢባን ነበርን፣ ወደፊትም ነን ይለናል። ጥሩ ሳይንስ ነክ ልብወለድ ግን አንባቢውን ያስጨንቃል። ይህን ሲገነፍል የኖረ ፋብሪካና የደረቀ ሐይቅ ያየች አገር ልጆች እንዴት እናጣዋለን?

የዓለማየሁ ዋሴ «እመጓ» (2007) ከዚህ ይለያል። ተራኪው እንደ እኔና እንደ እናንተ ይደክመዋል፣ እግሩ ይቆስላል፣ ይጠራጠራል። ዳገቱን እየወጣን ትንፋሽ አጠረን። የምስጢር ልብወለድ ጉልበቱ ይኸው ነው፤ ድንጋዩን ካመንነው ምስጢሩንም እናምናለን። የሚያናድደን አንባቢው ነው። መጽሐፉን ጨርሶ የሚጠይቀው «እውነት ነው?» ብሎ ነው። እውነት ከሆነ ተገርሞ ሊያወራው፣ ካልሆነ እንደተታለለ ሊቆጥረው። ይህች ጥያቄ የ«ምን ያስተምራል» እህት ናት። ወላጃቸውም አንድ ነው፣ ምናብን አለማመን።

ስለ ፍቅር ልብወለድ ብዙ አንልም፣ ሁሉም በድብቅ ያነበዋልና። የሲሳይ ንጉሡን «ሰመመን» በዩኒቨርሲቲ ዶርም ያላነበበ ይነሣ። ለሚንቁት ግን አንድ ነገር እናስታውስ። ነቢይ መኮንን ማዕከላዊ ታስሮ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፈ የተረጎመው የማርክስን ድርሳን አይደለም፤ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ የታተመውን የስካርሌት ኦሃራን ታሪክ ነው። እስረኞቹም እየተቀባበሉ ያዳምጡ ነበር። ከዚያ ክፍል ውስጥ ማንም «ምን ያስተምራል?» ብሎ የጠየቀ አይመስለንም።

የፌስቡክ ልጆችስ? አሌክስ አብርሃምና ሕይወት እምሻው ካወጧቸው መድብሎች ውስጥ ሰፈራችንን ሰምተናል። የጎረቤት ነገር፣ የቤት ኪራይ፣ የዕቁብ ጠብ፣ በትክክለኛው አማርኛ። ችግሩ ቅርጹ ነው። ስክሪን ላይ የተወለደ ታሪክ መጨረሻው ላይ ዘወር ብሎ ማስደንገጥ ይወዳል። አንዱን ስታነቡ ያስቃል። አሥሩን በተከታታይ ስታነቡ ግን ስድስተኛው ላይ መጨረሻውን ከመጀመሪያው አንቀጽ ትጠረጥራላችሁ።

ወደ ከባዱ እንለፍ። አዳም ረታን እንወዳለን። «ግራጫ ቃጭሎች»ን ሁለት ጊዜ የጨረሰ በመካከላችን አለ። «የስንብት ቀለማት»ን ለመጨረስ ወር የፈጀም አለ፣ ያን የሚያህል ጥራዝ። ስለ ጠረን፣ ስለ ጣዕም፣ ስለ ወጥ አዳም የሚጽፈውን በአማርኛ ማንም አልጻፈውም። የማንወደው አዳም ረታን እንደ መታወቂያ ካርድ ይዘው የሚዞሩትን ነው። መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ርዕሱን ወደ ሰው አዙረው ያስቀምጡና «ዴርቶጋዳ» የያዘውን ልጅ በአፍንጫቸው ያዩታል። ከነሱ አንዱን ግርጌ ማስታወሻው ውስጥ ያለውን ታሪክ ጠይቁት እስቲ።

ለምንድን ነው ታዲያ የዘርፍ ልብወለዶቻችን ሁልጊዜ አንድ ነገር የሚጎድላቸው? ችሎታ ጠፍቶ አይደለም። የሚጎድላቸው አርታኢ ነው። ኩራዝ ሳንሱር ነበረበት፣ ግን አርታኢዎችም ነበሩት። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ዐዋጅ ቅድመ ምርመራን አስቀረ፣ እሰየው። አርታኢውን የሚተካ ግን አልመጣም። ዛሬ አብዛኛው ደራሲ ገንዘቡን ከኪሱ አውጥቶ ራሱ ያሳትማል። የቅርብ ወዳጁ ፊደል ያርምለታል፣ ከዚያ ማተሚያ ቤት። «ይህ ምዕራፍ ይውጣ፣ ይህቺ ልጅ ምስጢሩን ገና በገጽ አርባ ማወቅ የለባትም» የሚለው ሰው በመካከል የለም። «ቁም ነገረኛው» ልብወለድ ያለ አርታኢ ሊያዘግም ይችላል፣ ዝግታው ጥልቀት ይመስልለታል። የስለላ ልብወለድ ግን አንድ ምዕራፍ ከተጎተተ ሞተ።

ቀጥሎ የመጽሐፍ ምረቃ ይመጣል። አዳራሽ ይሞላል፣ ሦስት ምሁራን ይጋበዛሉ፣ ሦስቱም ያመሰግናሉ። አንዳቸውም «መሐሉ ላይ ተሰላችቻለሁ» አይሉም፣ ምርቃት ላይ ነውር ነዋ። ሂስ ከምርቃቱ በኋላ ይመጣል ብለን እንጠብቃለን። የሚመጣው ግን ጸጥታ ነው፣ ወይም ፌስቡክ ላይ ስድብ። ደራሲው በሚቀጥለው መጽሐፉ ያንኑ ምዕራፍ መልሶ ይጽፈዋል።

በዚህ ላይ መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ ከሽፋን እስከ ሽፋን ፎቶ አንሥቶ ቴሌግራም ላይ የሚለጥፈው «የንባብ ወዳጅ» አለ። አዟሪው ክንዱ እስኪዝል ተሸክሞ ከካፌ ካፌ የሚዞረውን መጽሐፍ ይህ ሰው በነጻ ያድለዋል፣ ሺህ ሰው ያመሰግነዋል። ለአርታኢ ይከፈል የነበረው ብር ከዚያ ሽያጭ ነበር የሚመጣው።