የተሰበረ ወንበርና የተማረ እጅ

በዩኒቨርሲቲያችን ጓሮ እግራቸው የወለቀ ወንበሮችና ገጻቸው የተላጠ ጠረጴዛዎች ተከምረው ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቁባቸዋል። በወገዳ፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር ግን ዛሬም ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ የሚጽፍ ሕፃን አለ። ወንበሩንና ሕፃኑን ያላገናኘው የገንዘብ እጦት ነው የሚል ቢኖር እኔ አልስማማም። የጠፋው መዶሻና ቡርሽ የሚጨብጥ የተማረ እጅ ነው።

እንደሚታወቀው አባቶቻችን የእጅ ሥራ ዐዋቂውን «ጠይብ»፣ «ፋቂ» እያሉ ሲያንቋሽሹት ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። ስድቡ ቢቀንስም ንቀቱ ግን ኮትና ከረባት ለብሶ እኛ ዘንድ ቀርቷል። ስለ ሀገር ዕድገት ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከር ተማሪ፣ «እስቲ ይህን ሚስማር ምታ» ቢሉት «አናጢ መሰልኩህን?» ይላል።

አሮጌውን ማደስ ከውጭ የመጣ ፋሽን አይደለም። በድጓ ትምህርቷ የታወቀችውን የጋይንት ቤተ ልሔምን እንመልከት። ባለአራት ማእዘኑ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አልፈረሰም፤ ክብ ቤት በዙሪያው ተሠርቶለት እስከ ዘመናችን ደረሰ። አሮጌ መጣል ሥልጣኔ የሚመስለን እኛ ከዚህ ብዙ እንማራለን።

ሥራው ከባድ አይደለም። የላላውን እግር በኮላና በሚስማር ማጥበቅ፣ ስንጥቁን በስቱኮ መድፈን፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ከዚያም ሁለት ጊዜ ቀለም መቀባት ነው። ለጌጡ ቀድሞ ጋዜጣ ይባዛበት የነበረው ስቴንስል መምህራችን ይሁን፤ ቀለሙ የሚያልፈው በተከፈተለት በኩል ብቻ ነው። ባገለገለ የራጅ ፊልም ላይ የብራና መጻሕፍታችንን ሐረግ ወይም ፊደላችንን ቆርጠን በወንበሩ መደገፊያ ላይ ብናትም፣ ሕፃኑ «ሀ»ን ከወንበሩ ይማራል። ቡርሹ ግን ጥቂት ቀለም ብቻ ይያዝ፤ ከበዛ ከፊልሙ ሥር ሾልኮ ቅርጹን ያበላሻል።

ሁለት ነገር እንጠንቀቅ። አንደኛ፣ በአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዘኛ ማዕድን ሊኖር ይችላል፤ ብናኙም የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ እንጨቱን አርጥበን እንፋቀው። አዲስ ቀለም ስንገዛም እርሳስ የሌለበት መሆኑን እንጠይቅ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሀገራችን ደንብ ከሚሊዮን 90 እጅ በላይ እንዳይኖርበት ወስኗል። ሁለተኛ፣ ከዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ ዱካ ወይም የቆየ አትሮንስ ብናገኝ ቀለም አናልብሰው። የጠራቢው የእጅ ምልክት ራሱ ጌጥ ነውና፣ አጥበን ጥቂት ዘይት ብንቀባው ይበቃዋል።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። የተማሪዎች ማኅበራችን ወንበሮቹን ለማደስና ለገጠር ትምህርት ቤቶች ለመስጠት ከአስተዳደሩ ፈቃድ ይጠይቅ፤ ፈቃዱ ሲገኝ በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ሃያ ተማሪ መዶሻና ቡርሽ ይዞ ይውጣ። የክረምቱ ዕረፍት ሲደርስ እኛ የወገዳ ልጆች ወደ ቤተሰቦቻችን የምንሄደው ባዶ እጃችንን እንዳይሆን፣ ለአንድ የመማሪያ ክፍል የሚበቃ ወንበር በመኪና አስጭነን እንሂድ። ጓደኞቼ ሆይ፣ በዚህ የምትስማሙ ሁሉ ስማችሁን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ።