ሲሊንደር በግምት አይሰፋም

«ድሪል ላይ ትሰካዋለህ፣ ወደ ላይ ወደ ታች ታደርገዋለህ፣ አለቀ።»

ይህ ምክር ስንት ሲሊንደር እንደበላ በትክክል የሚያውቀው ቆራሌው ብቻ ነው።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይጥራ። ቅዳሜ ከሰዓት ግቢው ውስጥ ሞተር የሚፈታ ሰው ምንም ነውር የለበትም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህማ፣ ያለውን ሞተር ማቆየት የሚችል እጅ ዋጋው ጨምሯል። «ጋራዥ ያልዋለ ሰው ሞተር አይንካ» የሚሉ መካኒኮች አሉ። ይበሉ። ሲሊንደሩ ግን የት እንደተሠራ አያውቅም። የሚያውቀው ልኩን ነው።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ሆንዳ ሲጂ 125 ለምሳሌ ይበቃል፤ የቻይና ዘመዶቹም ያው ናቸው። የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት 56.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሲበላ በ0.25፣ በ0.50፣ በ0.75 ወይም በ1 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ኦቨርሳይዝ ፒስተን ይገዛለታል። 0.50 የተገዛለት ሲሊንደር ወደ 57 መድረስ አለበት ማለት ነው። እዚህ ጋ «ጉልበት ይጨምራል» የሚል ቀልድ አለ። 124 ሲሲ የነበረው 126 ሲሲ ይሆናል። ሁለት ሲሲ! የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ሲሊንደር የሚሰፋው ክብነቱን ስላጣ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ክብነቱን የሚያጣው ደግሞ እኩል ስለማይበላ ነው። የላይኛው የፒስተን ፋሻ ደርሶ የሚመለስበት ቦታ ላይ ሙቀቱም ግፊቱም ይበረታል፣ ዘይቱ ይሳሳል፤ ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ የሚበላው እዚያ ነው። ፒስተኑ የሚደገፍበት ጎንም ከሌላው ጎን ይብሳል። ያረጀ ሲሊንደር ላዩ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ፣ ክቡ እንቁላል ነው።

ገበያ ላይ በርካሽ የሚገኘው ባለ ሦስት እግር፣ በስፕሪንግ የሚገፋ መሞረጃ ይህን አያቃናም። ስፕሪንግ ነውና የተበላውን ቅርጽ ተከትሎ ይሄዳል። እንቁላል ይሰጡታል፣ ሰፋ ያለ እንቁላል ይመልሳል። የተሠራለት ሥራ ሌላ ነው፦ ልኩን ያልለቀቀ ሲሊንደር አዲስ ፋሻ ሲገባለት፣ መስታወት የሆነውን ግድግዳ ሰብሮ ዘይት የሚይዙ የተጠላለፉ ጭረቶችን ያወጣል። ለዚያ ግሩም ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ያስፋ ሲባል ግን በቢላ ግንድ እንደመቁረጥ ነው።

ድንጋዮቹ በጠንካራ አካል ላይ ተይዘው በብሎን የሚከፈቱት ዓይነት ይለያል። ትዕግሥት ላለው ሰው ቅርጽም ያስተካክላል። ድሪሉ ግን በዝግታ መዞር አለበት፤ ድንጋዩም ከላይና ከታች ትንሽ ብቻ ብቅ ማለት አለበት። ብዙ ከወጣ አፉ እንደ ጡሩምባ ይከፈታል፤ ጭራሽ ካልወጣ ሆዱ እንደ በርሜል ይነፋል። ይህን ደግሞ ዓይን አያየውም።

ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል የሚፈለገው ክፍተት ጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአንድ ፀጉር ውፍረት ያንሳል። ይህን በካሊፐር ለካሁ የሚል ሰው ራሱን እያታለለ ነው። ለፒስተኑ ማይክሮሜትር፣ ለሲሊንደሩ ቦር ጌጅ ያስፈልጋል፤ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች፣ በየቦታው በሁለት አቅጣጫ። ስድስት ቁጥር። ስድስቱም ወረቀት ላይ።

ሙቀቱም አለ። ሲሞረድ የቆየ ብረት ይሰፋል። የ57 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር በ30 ዲግሪ ቢሞቅ 0.02 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጨምራል። ትኩሱን ለክቶ «ደርሷል» ያለ ሰው ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ጠቦ ያገኘዋል። ሳይለካው የገጠመው ደግሞ መንገድ ላይ ፒስተኑ ይጣበቅበታል፣ የኋላ ጎማው ይቆለፋል። ከኋላው ሲኖትራክ እየመጣ ከሆነ ስለ ፒስተን ዋጋ ማውራት ያበቃል።

አብዝቶ ያሰፋውስ? ሞተሩ ዘይት እየበላ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል። አሮጌውን የፋሻ ቁጥር መልሶ የሚያስገባ ሰው ደግሞ ይህን ያስላ፦ ሲሊንደሩ በ0.10 ሲሰፋ የፋሻው አፍ በ0.31 ሚሊ ሜትር ይከፈታል።

ቶርኖ ቤቶችም አያምልጡ። ስንቱ ባለሞተር ሲሊንደሩን አስረክቦ «ጨርሻለሁ ወንድሜ፣ አሪፍ ሆኗል» ከሚል ቃል በቀር ምንም ሳይዝ ተመልሷል! ሳጥኑ ላይ 0.50 ስለተጻፈ ብቻ፣ ፒስተኑ ሳይቀርብ ሲሊንደር የሚያሰፉ አሉ። የሚለካው ሳጥኑ አይደለም። ፒስተኑ በእጅ ይገባል፤ ቀሚሱ ከታች በኩል፣ ከፒኑ በተቃራኒ አቅጣጫ ይለካል፤ ክፍተቱ ይደመርበታል፤ የሲሊንደሩ ልክ ከዚያ ይወጣል። ቁጥር ጽፎ የማይሰጥ ባለሙያና ግቢው ውስጥ በግምት የሚሞርደው ጎረምሳ የሚለያዩት በማሽኑ ብቻ ነው።

ግቢው ውስጥ መሥራት ለሚወድ ሰው ብልሃቱ ሩቅ አይደለም። የሲጂ ሲሊንደር በፌስታል ይያዛል። ለመለካት ፈቃደኛ የሆነ ቶርኖ ቤት በማሽን አስፍቶ፣ ቀጥ አድርጎ፣ 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ያስቀርለት። የቀረችውን ባለቤቱ በገዛ መለኪያው፣ እያቀዘቀዘ፣ ሁለት ቅዳሜም ቢፈጅበት ይጨርሳት። ግድግዳው ኒካሲል የተቀባ አልሙኒየም ከሆነ ግን እጁን ይሰብስብ፤ ተራ ድንጋይ ቅቡን ያበላሸዋል፣ ማስፋትም ቅቡን መጨረስ ነው።

ሲያልቅ ቤንዚን አይበቃም። የድንጋዩ ብናኝ ጭረቶቹ ውስጥ ተደብቆ አዲሱን ፋሻ ይፈጨዋል። ሙቅ ውሃ፣ ሳሙና፣ ብሩሽ። ከዚያ ዘይት የነካ ነጭ ጨርቅ ውስጡ ይታሻል። ጨርቁ ግራጫ ሆኖ ከወጣ ተመልሶ ወደ ሳፋው።